ገዳዩን ሁሉም ያውቀዋል

«የመርማሪ ልብወለድ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚል ክርክር ሰሞኑን ደጋግሞ ገጥሞኛል። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የለንደን ጭጋግ የለንም፤ ፒፓ የሚያጨስ መርማሪ የለንም፤ በየወረዳው የጣት አሻራ የሚያነሳ ቤተ ሙከራ የለም፤ ስለዚህ ሼርሎክ ሆምስ አማኑኤል ላይ ከአውቶቡስ ቢወርድ ሥራ ፈት ይሆናል። ይህን የሚሉኝን ሰዎች ምን እንደሚያነቡ ስጠይቃቸው ግን ከ«ዴርቶጋዳ» ጀምረው ይቆጥሩልኛል። ምስጢርማ እንወዳለን። ያልለመድነው ምስጢሩን ራሳችን መፍታት ነው። ጠቤም እዚህ ላይ ነው።

አማኑኤልን ለማታውቁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የመቻክል ወረዳ ከተማ ናት፤ ብዙው መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። እኛ ጋ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ካልሆነም በቴሌግራም ይመጣል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ በፒዲኤፉ ላይ ደግሞ ስካን ያደረገው ሰው አውራ ጣት አብሮ ተነስቷል። ባለፈው ወር የተዋስኩት አንድ የተተረጎመ የወንጀል መጽሐፍ ላይ፣ ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ስም በቀይ እስክሪብቶ ከቦ «ይሄ ነው!» ብሎ ጽፎበታል። ተናደድኩ። እየተናደድኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰውየው ተሳስቷል፤ ገዳዩ ሌላ ነው።

ያንን ቀይ ክብ ግን ወደድኩት። አንባቢው ፍርድ ሰጥቷል። ሊፈርድ የቻለው ደግሞ መጽሐፉ ማስረጃውን ፊቱ ስላስቀመጠለት ነው። «ዴርቶጋዳ»ን አገላብጡ፣ እንዲህ ያለ ክብ የምታገኙ አይመስለኝም። ምኑን ትከባላችሁ?

የይስማዕከ ወርቁን ውለታ አልክድም። «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ገልጦ የማያውቅ ስንት ልጅ ሌሊቱን አንብቧል። የጣና ገዳማት፣ ናሳ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ የእስራኤልና የአሜሪካ ሰላዮች፣ ሁሉም አለበት። «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ»ም ተከትለውት መጥተዋል። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የአንባቢው ሥራ መገረም ብቻ ነው። ምስጢሩ የሚገለጠው ለተመረጡት ነው፤ ታሪኩ ሲጠብ ደራሲው አዲስ በር ይከፍታል፤ በሩ መኖሩን ቀድሞ የነገረን የለም። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» በዚህ በኩል ይሻለኛል፤ ቢያንስ ተራኪው በእግሩ ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ተራራውን ያሳየናል። እሱም ቢሆን የከበደው ቦታ ሲደርስ ዝም ብለን እንድንደነቅ ይጋብዘናል።

ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የመርማሪ ልብወለድ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት አሥር ደንቦች አውጥቶ ነበር። አንዳንዱ ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል፤ ዋና ዋናዎቹ ግን አሁንም ይሠራሉ። ጥፋተኛው ታሪኩ ገና ሲጀምር መታየት አለበት። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ገብቶ ነገሩን አይፈታም። የምስጢር ክፍል ወይም መተላለፊያ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። መርማሪው ፍንጭ ካገኘ ለአንባቢውም ወዲያው ያሳያል። የሚያስቀው፣ ኖክስ የካቶሊክ ቄስ ነበር። በተአምር የሚያምን ቄስ ተአምርን ከመርማሪ መጽሐፍ አስወጣ፤ እኛ ጋ ደግሞ በሳይንስ ስም ተአምር ይገባል። የእኛን መጻሕፍት ቢያነብ ኖሮ መተላለፊያ ሲቆጥር ይመሽበት ነበር።

«ይኼም የፈረንጅ ደንብ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እንዴ! ጎጃም ላይ ቆሞ ይህን የሚል ሰው ቅኔ ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት ደብር፣ ቅኔ ሲነገር ቃሉ ሁሉ ጆሮ ላይ ይወድቃል። ወርቁ ሌላ ቦታ አልተቀበረም፤ እዚያው በሰሙ ውስጥ ነው። የሰማው ሰው ካልፈታው ጉድለቱ የራሱ ነው። ባለቅኔው ከቅኔው ውጭ የደበቀው ነገር ካለ ግን ጉድለቱ የባለቅኔው ነው። እንቆቅልሽም እንደዚያው ነው፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ግን መልሱ ከጥያቄው ጋር እንዲገጥም ግዴታ አለበት። ኖክስ በአሥር ደንብ የጻፈውን የእኛ ልጆች እሳት ዳር ተቀምጠው ያውቁታል።

ምርመራስ? እሱም ነበረን፤ በሁለት መልክ።

አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ ነገር ያጠጡና ወገቡን አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ ይከፍላል። ማስረጃ የለም፣ ጥያቄ የለም። ልጁ አየ፣ በቃ።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ወንጀል ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሰው ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም፤ ካልወጣ ደግሞ ጉዳቱን አገሬው ተከፋፍሎ ይከፍላል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ በምስጢር ለሽማግሌ ሹክ ይላል፤ ያን ጊዜ የነገረችው «ወፍ» ናት። ስሟ አይጠራም።

እስቲ ይህን እንደ ልብወለድ ተመልከቱት። አጋታ ክሪስቲ ተጠርጣሪዎቿን አንድ ቦታ ለመዝጋት ደሴት ትፈልጋለች፣ በረዶ የያዘው ባቡር ትፈልጋለች። እኛ ሜዳውን ከነሕጉ ተሰጥቶናል። ሁሉም ተጠርጣሪ እዚያው ተቀምጧል፤ አዝመራው እየረገፈበት ነው፤ አጠገቡ ያለውን ጎረቤቱን በጎን ያያል። ዝም ካለ ያልሠራውን ይከፍላል፤ ከተናገረ ደመኛ ያፈራል። «ወፏ»ስ እውነት ተናገረች ወይስ የድንበር ቂሟን ተወጣች? አውጫጭኝ ጥሩ ሥርዓት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ንጹሕ ሰው በሐሜት የሚጠፋበት፣ ድሃ ከእርሻው የሚታገትበት ነገር ነው። ለልብወለድ ግን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ደግሞ አንድ ልዩነት አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በእንግሊዞቹ መጽሐፍ ውስጥ ገዳዩን ማንም አያውቅም፣ አንድ ብልህ ሰው መጥቶ ያውቃል። በእኛ አገር ትንሽ ከተማ ገዳዩን ግማሹ ሰው ያውቃል። ደም የሚመልስ ሰውማ ራሱ አውጆ ይሸፍታል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ማን ገደለ?» ከሚለው በላይ «ማን ይናገራል?» የሚለው ነው። ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው አጭር ልብወለድ ሁለት ወንድማማቾች ሰው ልንገድል ነው እያሉ ከተማውን ይዞራሉ፤ ሁሉም ይሰማል፣ ሞቱ ግን አይቀርም። ኮሎምቢያዊ ነው፤ የመቻክል ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ክሪስቲም በ1934ቱ የባቡር ታሪኳ ወደዚሁ ጠጋ ብላለች (ያላነበባችሁ ይህን ቅንፍ ዝለሉ፤ የሟቹ ቁስል 12 የሆነው በአጋጣሚ አይደለም)።

«አይሠራም» ለሚሉት ሌላም መልስ አለ፤ ተሠርቷል። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብወለድ በአማርኛ ጽፏል። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ተርጉመው አንድ ትውልድ አስነብበዋል፤ «የኛው ሰው በደማስቆ»ን ያላየ የአባቶቻችን መደርደሪያ ጥቂት ነው። በዓሉ ግርማ ደግሞ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ አስመራ፣ ዘመቻ፣ ሰላይ፣ ፍቅር። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

ስለ በዓሉ ስንጽፍ የምንጠቀምበትን ቃል ልብ በሉ። «ምስጢራዊ አሟሟት»፣ «ምስጢራዊ አሰዋወር» እንላለን፤ ቃሉ ያምራል፣ መጠየቂያ ግን የለውም። አንድ ሰው ተሰወረ ማለት የሰወረው ሰው አለ ማለት ነው። ትእዛዝ የሰጠ አለ፣ መኪና የነዳ አለ፣ በር ላይ የቆመ አለ። ይሄ ወንጀል ነው፤ ወንጀል ደግሞ ፍንጭ፣ ምስክርና ተጠያቂ አለው። ስሙን ምስጢር ካልነው ግን እንደ ጣና ገዳም ከሩቅ ሆነን እንሳለመዋለን። ልብወለዶቻችን ያስተማሩን ንባብ ይኸው ነው፤ አንድ ነገር ሲሸሸግ የሸሸገውን እጅ አንፈልግም፣ የተሸሸገው ግርማ ይማርከናል።

እናንተ ስልካችሁ ላይ የምታነቡትስ? አንድ ቦታ ሰው ሞተ ይባላል። ሰዓት ሳይሞላ ገዳዩ እነ እገሌ ናቸው የሚል ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ይዞራል። ማን አየ? ስንት ሰዓት? ፎቶው የየት ነው? የሚጠይቅ ከተገኘ «አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?» ይባላል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ አንዱ ቤት ደጃፍ ወደቀ፤ ባለቤቱ ወዮለት። ሌባ ሻይ ቀርቷል የሚለውን የታሪክ መምህሬን ባገኘው ይህን ባሳየሁት። በእኛ አካባቢ በዚህ ዘመን ማን እንደገደላቸው ሳይጠየቅ የተቀበሩ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ላይ «ልብወለድ መዝናኛ ነው፣ ምን አጨቃጨቀህ» የሚለኝ ሰው አልገባኝም። 300 ገጽ ሙሉ «ማስረጃህ የታለ?» እያለ የኖረ አንባቢ ስልኩንም እንደዚያ ያነባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። 300 ገጽ ሙሉ ሲደነቅ የኖረውማ መደነቁን ይቀጥላል።

የምፈልገውን መጽሐፍ ልናገር። በድሮው ዘመን አማኑኤል አጠገብ ያለ ሜዳ፣ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ አውጫጭኝ። አንድ ባለ ከብት ተገድሏል። ተራኪው የሽማግሌዎቹን ቃል የሚጽፈው ደብተራ ነው፤ ቅኔ ስለሚያውቅ ሰው ሲናገር ሰሙንም ወርቁንም ይሰማል። ገዳዩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ተሸክሞ ይመጣል፤ እኛም እናየዋለን። ጥቁር መኪና የለም፣ ናሳ የለም፣ ከመሬት በታች መንገድ የለም። የምናየውን ያህል ደብተራው ያያል፤ የእሱ ጭንቀት «ወፏ» ሚስቱ መሆኗን ካወቀ በኋላ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ በመሳቢያው ያስቀመጠ ሰው ካለ ይላክልኝ። ፒዲኤፍም ቢሆን ግድ የለኝም፣ የመጨረሻው ገጽ ብቻ እንዳይጎድል።