የጊዜያዊ ፋይሎች ቦታ በምርምር ፕሮግራሞች ውስጥ፦ ከመገመት መጠየቅ

በድኅረ ምረቃ ጥናቶች የሚጻፉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚመዘኑት በስሌታቸው ትክክለኛነት ነው። ስሌቱ በሚካሄድበት ጊዜ የሚፈጠሩት መካከለኛ ፋይሎች የት እንደሚቀመጡ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ጥናቱን ሌላ ሰው ሊደግመው መቻሉንና የተጠኚዎች ምስጢር መጠበቁን የሚነካ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅን ተፋሰስ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በሳተላይት ምስል የሚያጠና ተመራማሪ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። የሴንቲኔል-2 አንድ ምስል በ10 ሜትር ጥራት 10,980 በ10,980 ፒክስል ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ቢመደብ፣ አንድ መካከለኛ ፋይል 482 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ዐሥር እንዲህ ያሉ ፋይሎች ወደ 5 ጊጋባይት ይጠጋሉ። ተመራማሪው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚገኝ ፎልደርን አድራሻ በፕሮግራሙ ውስጥ በቋሚነት ከጻፈ፣ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራው ሥራ በወንዶ ገነት ባለ ኮምፒውተር ላይ ሊቆም ይችላል። ጥናቱን ሊደግም የተነሣ ተማሪ የሚያገኘው የስሕተት መልእክት ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ቦታውን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የፓይተን «ቴምፕፋይል» ሞጁልና የአር «ቴምፕዲር» ትእዛዝ ለዚሁ ተዘጋጅተዋል። ፓይተን በቅድሚያ «ቲኤምፒዲአይአር»፣ «ቴምፕ» እና «ቲኤምፒ» የተባሉትን የሥርዓቱን ተለዋዋጮች ያያል፤ ካላገኘ የተለመዱትን ፎልደሮች ይፈትሻል፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ በሚሠራበት ፎልደር ይጠቀማል። በየደረጃው ፎልደሩ ሊጻፍበት መቻሉንም ያረጋግጣል። በዚህ አሠራር ዋናው ዲስክ ሲጠብ፣ ከፕሮግራሙ አንድም መስመር ሳይነካ ተለዋዋጩን ወደ ሰፊ ዲስክ ማዞር ይበቃል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ፊደል ለሚጠቀሙ ሰዎች ሌላም ገጽታ አለው። በዊንዶውስ ጊዜያዊው ፎልደር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በተጠቃሚው ስም በተሰየመ ፎልደር ሥር ነው። ስሙ በፊደላችን ከተጻፈ አድራሻውም ያንኑ ፊደል ይይዛል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ቢካተትም፣ በቀደሙት የዊንዶውስ የኮድ ገጾች ግን ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ በአሮጌው አሠራር የሚጠይቅ ፕሮግራም ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ሊደርሱት ይችላሉ፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም። ተጠቃሚው ስሙን በላቲን ፊደል እንዲጽፍ መምከር ችግሩን መሸሽ ነው። የሚገባው ፕሮግራሙን በዩኒኮድ እንዲጠይቅ አድርጎ መጻፍ ነው።

ጊዜያዊ ፋይሎች በራሳቸው ስለሚጠፉ ይህን ያህል ሊያሳስቡ አይገባም የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። አር የፈጠረውን ጊዜያዊ ፎልደር የሚያጠፋው ሥራው በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የላብራቶሪ ኮምፒውተር የሕሙማን መረጃ በዚህ መንገድ ቢቀር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር እንደ ተራ ዝንጉነት ሊታለፍ አይገባም። በተቃራኒው፣ መጥፋት የማይገባውም ሊጠፋ ይችላል። ሲስተምዲ በሚያስተዳድራቸው ሊኑክሶች፣ መነሻ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ በጊዜያዊው ፎልደር 10 ቀን ያልተነካ ፋይል ይሰረዛል። ፎልደሩ በማስታወሻ ላይ ብቻ በሚቀመጥባቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ብቸኛ የውጤት ቅጂውን በዚያ ያኖረ ተመራማሪ የወራት ድካሙን ያጣል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ፕሮግራም ያካተተ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመግሙ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይበጃል፦ ፕሮግራሙ የጊዜያዊ ፋይሎችን ቦታ ከሥርዓቱ ይጠይቃል ወይ? ሥራው ቢቋረጥ የሚቀረው ፋይል እንዴት ይጸዳል? የመጨረሻው ውጤትስ በቋሚ ቦታ ተቀምጧል? ጥያቄዎቹን ለመመለስ ጥቂት የኮድ መስመሮች ይበቃሉ። ለኋላ ተመራማሪ ግን የቀደመውን ሥራ ቀጥሎ በመሥራትና ከመጀመሪያው በመጀመር መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናሉ።