«ዛሬ ስንት ገባ?» ብቻውን አይበቃም

ሪያድ፣ መንፉሃ ያለች እህታችን ለእናቷ 1,000 ሪያል ስትልክ ቀድማ የምትጠይቀው የዕለቱን ምንዛሪ ነው። የሳዑዲ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድን ዶላር በ3.75 ሪያል አስሮ ስለያዘ፣ የሚዋዥቀው ብር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ያ ገንዘብ 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። ደስ ይላል። እናት ግን ጤፍና ዘይት የሚሸምቱት በአዲሱ ዋጋ ነው። ስለዚህ የእህታችን የላብ ዋጋ የሚለካው በምንዛሪውና በግሽበቱ አንድ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት አሃዝ ሪያድ ያለው ኤምባሲያችን እዚያ ለሚሠሩ ወገኖቻችን በቀላል አማርኛ ያድርስላቸው።