አምስት ሰው ተሸንፎ አንድ ሰው ሲሰደብ

ዶታ 2ን በላይቭ እያስተላለፈ የሚጫወት ልጅ ሲሸነፍ ቻቱን ማንበብ ነው። «አትችልም!» «ራንክህን ገዝተኸው ነው?» «ተወው፣ ሌላ ሥራ ፈልግ!» ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው፤ የተሸነፉትም አምስት ናቸው። ፊቱ ካሜራ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ስለሆነ ስድቡን ጠቅልሎ የሚወስደው እሱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል። የቡድን ጌም ስትሪመር ዕጣው የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው። አራቱን የቡድን ጓደኞች የሚመርጥለት ማችሜኪንግ የሚባለው ሲስተም ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የችሎታ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ነጥባቸው የሚቀራረብ አሥር ሰዎችን ሰብስቦ ለሁለት ይከፍላል። የሐሳቡ ሥር ቼዝ ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኢሎ የቀመረውን የነጥብ አሰጣጥ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ቼዝ ላይ ግን ከተሸነፍክ የተሸነፍከው አንተ ነህ። በቡድን ጌም ውስጥ ጨዋታውን ሙሉ ቡድኑን ተሸክሞ የቆየውም፣ በአሥረኛው ደቂቃ አኩርፎ ጥግ የያዘውም በአንድ ሽንፈት ነጥብ ይቀነስባቸዋል።

አማካይም ያታልላል። በአንድ በኩል እኩል የሆኑ አምስት ሰዎች፣ በሌላው በኩል አንድ በጣም ጎበዝና አንድ ጀማሪ ያለበት ቡድን ቢሰለፉ በወረቀት ላይ ሚዛኑ እኩል ሊመጣ ይችላል። ሜዳው ላይ ግን ጀማሪው የቆመበት በኩል ቀድሞ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ስመርፍ የሚባሉት አሉ፤ ጎበዝ ሆነው ሳለ አዲስ አካውንት ከፍተው ጀማሪ መስለው የሚገቡ። የዶታ 2 ባለቤት ቫልቭ በ2023 እ.ኤ.አ. 90,000 የስመርፍ አካውንቶችን ማገዱን ራሱ አስታውቋል። በዚያው ዓመት የነጥብ ስሌቱንም ቀይሯል። ስለዚህ ቅሬታው የሰነፍ ተጫዋች ሰበብ ብቻ አይደለም።

«መቶ ጨዋታ ተጫወት፣ ዕድሉ ይቻቻላል፣ ነጥብህ ልክህን ያገኛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን እውነትነቱ ለነጥቡ ነው። ተመልካች መቶ ጨዋታ አይቆጥርም። ዛሬ ማታ ገብቶ ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ አይቶ ይወጣል። አንዱ ጨዋታ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያ ጨዋታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካለቀለት፣ ቀሪው ጊዜ ለስትሪመሩ የሞተ ሰዓት ነው። ተመልካች በሄደ ቁጥር ደግሞ ገቢው አብሮ ይሄዳል።

«ታዲያ የተሻለ ግጥሚያ እስኪገኝ ይጠብቅ» ቢባልስ? ሲስተሙ ሁለት ነገር ያመዛዝናል፤ ፍጥነትንና ሚዛንን። ራንኩ ከፍ ባለ ቁጥር እኩያው ያንሳል፤ ጥበቃው ይረዝማል፤ ወይም ሲስተሙ የማይመጣጠኑትን ያጋጥማል። ለራሱ የሚጫወት ሰው እየጠበቀ ቡናውን ይጠጣል። ስትሪመሩ ግን ባዶ ስክሪን ይዞ ሰው ፊት ተቀምጧል። ቢቸኩል ይሸነፋል፤ ቢጠብቅ ተመልካቹ ይበተናል።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያስተላልፍ ልጅ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ሰርቨሩ ከአገር ውጪ ነው፤ ፒንጉ ከፍ ይላል፤ ከማያውቀው ቋንቋ ተናጋሪ ጋር በአንድ ቡድን ይመደባል፤ ኔትወርኩ ለጨዋታውም ለላይቩም መብቃት አለበት። ቻቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚያየው ዘግይቶ የተጫነ ቁልፍ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስትሪመሩም ከወቀሳ አያመልጥም። በጣም ሚዛናዊ የሆነ ሲስተም እንኳ የሚያልመው እያንዳንዱ ተጫዋች ግማሹን እንዲያሸንፍ ነው፤ ግማሹን መሸነፍ የጨዋታው ሕግ ነው። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ «የእኔ ቲም ነው ያበላሸው» እያለ የማያውቀውን ሰው ስም ስክሪን ላይ የሚያሳይ ስትሪመር፣ የተወረወረበትን ድንጋይ መልሶ ካሜራ በሌለው ሰው ላይ እየወረወረ ነው። ያ ሰው ምናልባት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። መልስ የሚሰጥበት ቻናልም የለውም።

የጌም ኩባንያዎች ማድረግ የሚችሉት አለ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በተጫዋቾቹ መካከል ያለውን የነጥብ ልዩነት በግልጽ ያሳዩ። «ፈጣን ግጥሚያ ወይስ ሚዛናዊ ግጥሚያ?» ብለው ለተጫዋቹ ምርጫ ይስጡ። ስትሪመሩ የቡድን ጓደኞቹን ስም ይሸፍን፤ ስለ ሌላው ስህተት ከሚያወራ የራሱን ውሳኔ ያስረዳ፤ የሽንፈትን ሰዓት ትምህርት የሚያደርገው ይኸው ነው።

ተመልካቹስ? ቻቱ ላይ ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይቁጠር። ሜዳው ላይ አሥር ሰዎች ነበሩ። እሱ ያየው የአንዱን ስክሪን ብቻ ነው።