ሰፊ ጀልባና የገበያ ቀን

በ2017 ዓ.ም. ከ100 ቶን በላይ የምትመዝነው ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ወደ ጣና በየብስ ጉዞ ስትጀምር ብዙ ሰው ተደነቀ፤ እኔም ተደንቄአለሁ። በበኩሌ ግን ያሳሰበኝ የፈቃዱ ነገር ነው።

ከደጀን ወደ ባሕር ዳር ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በሞጣ፥ ሌላው በደብረ ማርቆስ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ። ይህ ሁለተኛው ከተሞቹን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የተራ ካሚዮን ወርድ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ እጅግ ለሚሰፋ ጭነት ልዩ ፈቃድ፥ አጃቢ መኪና፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያነሣ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ታዲያ በርበሬና በቆሎውን በአህያ ጭኖ ከሌሊት ለተነሣው ገበሬ ማን ይንገረው? አህያ እንደሆነች የአጃቢ መብራት አታውቅም። መንገድ ተዘግቶበት ግማሽ ቀን የቆመ ሰው እህሉን ሲመሽ በተገኘው ዋጋ ጥሎ ይገባል፤ የማታ ገበያ ምን እንደሚሰጥ የሸጠ ያውቀዋል።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ድልድዩንና ሽቦውን እንደሚለካ ሁሉ የገበያውንም ቀን ይጠይቅ እላለሁ። የሚታለፍበት ዕለት ከሳምንት በፊት በቀበሌና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነገር፤ ገበያ በሚውልበት ቀን ጀልባዋ ከከተማ ውጭ ትቁም። ወራት በሚፈጅ ጉዞ ላይ አንድ ቀን ቢጨመር አይጎዳትም።