ወፍና አይሮፕላን

በወላይታ፣ በቦምቤ ያለ ገበሬ እህሉ በሚያሽትበት ወራት ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ወፍ የሚመጣው ምግቡን ፈልጎ እንጂ ሰውን ለመበደል እንዳልሆነ እርሱ በሚገባ ያውቃል። ይህም የገበሬ ዕውቀት የአይሮፕላን ማረፊያ ላላቸው ከተሞች ሹማምንት እጅግ የሚጠቅም ነው።

ወፍ ለአይሮፕላን ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ አገራችን በሐዘን አውቃዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን ከርግቦች መንጋ ጋራ ተጋጨ፤ ርግቦቹም ወደ ሁለቱ ሞተሮች ገቡ። ነጂዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ስለ ጠፉ አይሮፕላኑ ወድቆ ተቃጠለ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ለትልቁ አይሮፕላን ይህን ያህል ከሆነ፣ ለመማሪያው ትንሽ አይሮፕላን ነገሩ ይብሳል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ የትልቁ አይሮፕላን የፊት መስተዋት 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ ቢመታው እንዲችል ሆኖ ይሠራል፤ በትንሹ ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም። ተማሪውም መነሣትንና ማረፍን ለመልመድ በሜዳው ዙሪያ ዝቅ ብሎ ደጋግሞ ይዞራል፤ ወፎችም የሚበዙት በዚሁ በዝቅተኛው አየር ነው። ስለዚህ ገና ልምድ ያልጠገበ ወጣት አሞራ ወይም አባ ኮዳ በድንገት ከፊቱ ሲደርስበት ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ገበሬው ወፍ ሲጠብቅ የሚደክመው እህሉን ከማሳው ሊያነሣ ስለማይችል ነው። የአይሮፕላን ሜዳ ግን እህል አልተዘራበትም፤ ብዙ ጊዜ ወፉን የሚጠራው ሰው በአቅራቢያው የጣለው ቆሻሻ፣ የቄራ ትርፍራፊና የከብት በድን ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም የቆሻሻ መጣያ ከአይሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ የሚመክረው ስለዚህ ነው። ርችት ተኩሶ ማባረር ለአንድ ቀን ይረዳ ይሆናል፤ ምግቡ እዚያው እስካለ ድረስ ግን ወፉ ይመለሳል።

እንግዲህ ለቄራና ለቆሻሻ መጣያ ቦታ የሚመርጥ ሹም የአይሮፕላኑን መንገድ አስቀድሞ ይመልከት፤ ሕዝብን የሚመክር ካህንም በድን በየሜዳው እንዳይጣል ያስተምር። ማሳውን የማይጠብቅ ገበሬ የሚያጣው እህሉን ነው፤ የሜዳውን ዙሪያ የማያጸዳ ከተማ ግን የሚያጣው የሰው ልጅ ነው።