እግሩ የተሰበረ ሰው ማዕዱ አይቀነስበት

አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ «ሥራ ሳይሠራ ምን ያህል ይበላል?» የሚል አሳብ በብዙ ቤት ይገኛል። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የደከመ ይብላ ከሚለው ከቆየው ልማድ ነው። እኔ ግን አሳቡ በሽተኛውን ይጎዳዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ለውድ ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ላቀርብ እወዳለሁ።

በደባርቅና በዳባት አካባቢ ስብራት እንግዳ ነገር አይደለም። ከሊማሊሞ ገደል እስከ ስሜን ተራሮች አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በቅሎም ትጥላለች፥ የክረምትም ጭቃ ያንሸራትታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ በገባ ጊዜም ብዙ ሰው ቆስሎ ተኝቷል። እንግዲህ ወጌሻ ቢያስረው ወይም ሐኪም በጀሶ ቢጠቀልለው፥ አጥንቱ ተጠግኖ እግሩ ግን ሰልሎ ይወጣል። አጎቴ እሥሩ በተፈታላቸው ቀን ሁለቱ ጭኖቻቸው የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር።

ይህስ ከምን የተነሣ ነው? ጡንቻ እንደ ድንጋይ ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም፤ በየቀኑ ይፈርሳል፥ በየቀኑም ይሠራል። እንቅስቃሴ ሲቋረጥ ከምግብ የሚመጣለትን ፕሮቲን እንኳ እንደ ቀድሞው አይቀበልም። ጤነኞች ወጣቶች አንድ እግራቸው በጀሶ ታስሮ በተለኩ ጊዜ፥ የፊት ጭናቸው ጡንቻ በ5 ቀን ከመቶ 3.5፥ በ14 ቀን ደግሞ ከመቶ 8 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ጉልበቱማ በሁለት ሳምንት ከመቶ 20 በላይ ሄዷል። (የእግር ኳስ ቡድናችን ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል።)

በዚህ ላይ ሆርሞኖች ይጨመራሉ። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ስንበላ ከፍ ብሎ የጡንቻን መፍረስ ይገታል፤ ቴስቶስቴሮንም ጡንቻን በመሥራት ይረዳል። ሰው ሲቆስል ግን ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው ኮርቲሶል ይበዛል፤ ይህም ጡንቻን አፍርሶ ለሌላው አካል ስንቅ ያደርገዋል። ረኃብ ደግሞ ኢንሱሊንንና ቴስቶስቴሮንን ዝቅ፥ ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የተኛውን ሰው ማዕድ የሚቀንስ ሁሉ ሳያውቀው ለአፍራሹ ወገን ያግዛል።

በሌላው ቤት ደግሞ የአጃ ገንፎ በቅቤ ጠዋትና ማታ ይቀርባል። መልካም ምግብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ተኝቶ ቅቤ የሚያበዛ ሰው ስብ እንጂ ጡንቻ አያተርፍም። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጤናው ጊዜ እንኳ በቀን 40 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ሲቆስል ከዚህ ይበልጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፥ 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ባቄላ የደጋችን እህል ስለሆነ ከገንፎው አጠገብ ሽሮ፥ ንፍሮ፥ ወተትም ቢገኝ ይታከልለት። ጾም ነው የሚል ቢኖር፥ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን እንድትጾም አታስገድድም፤ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ምግብ ብቻውን መሰለሉን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። ሐኪሙ ከፈቀደ በጀሶው ውስጥ ጭኑን ማጥበቅና ማላላት፥ ጣቶቹንም ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ማስታወስ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልንሠራው የምንችለው ነው።