ፊርማዬን ለምን እንደማታገኙት



ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያለው አሁን ያንብብ፣ የሌለው ማታ ይመለስበት። ከማክሰኞ ጀምሮ ኢንቦክሴ "አንተ ለምን ዝም አልክ?" በሚል መልእክት ተሞልቷል። ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ንዴቴ እስኪበርድ እየጠበቅኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አልበረደም።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ በተለይ አገር ቤትና ዓረብ አገር ላላችሁ ዘመዶች፦ እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ የሚኖር አንድ የእኛው ልጅ ቲክቶክ ላይ ቀልድ ለጠፈ። ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አስቀምጦ "የኦቦክ ዓሣ አማርኛ ችሏል አሉ፤ አፉን ስትከፍተው 'ደላላው የት ሄደ?' ይላል" ብሎ ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። የደገምኩት ወድጄ አይደለም። ቪዲዮውን ሳያዩ "እንዲህ ብሏል፣ እንዲያ ብሏል" እየተባባሉ የሚፈርሙ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። ሰው የሚፈርምበትን ነገር ይወቅ።

ኦቦክ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ የጅቡቲ ዳርቻ ተሳፍሮ ወደ የመን ሲሻገር ነው የቀረው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። እናቴ እስከ ዛሬ ተስካሩን አላወጣችም፤ "ካልታየ አልሞተም" ትላለች። እንግዲህ ያንን ዓሣ እኔ በምን ዓይን እንዳየሁት አስቡት። ስልኬን ስወረውረው የስክሪኑ ጥግ ተሰንጥቋል፤ የጥገናውን ሒሳብ በልጁ ዕዳ መዝግቤዋለሁ። ስለዚህ "አንተን ስላልነካህ ነው" የምትሉኝ ወንድሞች፣ እባካችሁ ይህቺን ነገር ተዉአት።

አሁን የሚዞረው ወረቀት ልጁ በኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ ተይዞ እንዲቀጣ ለፖሊስ የሚገባ ማመልከቻ ነው። ትናንት ሳየው ሁለት ገጽ ሞልቷል። እኔ አልፈርምም። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ የተሳሳትኩ ከመሰላችሁ ኮመንቱ ክፍት ነው።

መጀመሪያ፣ ይህን ሕግ በእጁ የሚይዘው ማን ነው? እኔና እናንተ አይደለንም። በዚህች አገር በኢንተርኔት ስድብና ቀልድ ምክንያት እነማን እንደታሰሩ እንይ። ስቴላ ኛንዚ የምትባለውን የዩኒቨርሲቲ ምሁር ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬዚዳንቱን በሰውነት ክፍል ስም ጠርታ ፌስቡክ ላይ ጻፈችና ታሰረች። በኋላም በፕሬዚዳንቱ ልደት ስለ እናታቸው በጻፈችው ግጥም እ.ኤ.አ. በ2019 የ18 ወር እስራት ተፈረደባት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን በ2020 ሰረዘው፤ እሷ ግን እስራቱን አብዛኛውን ጨርሳው ነበር። ካክዌንዛ ሩኪራባሻይጃ የሚባለው ደራሲ ደግሞ በ2021 መጨረሻ የፕሬዚዳንቱን ልጅ ትዊተር ላይ "ወፍራም" ብሎ ተያዘ። ሲወጣ ጀርባው የጠባሳ ካርታ ሆኖ ነበር፤ ተገልጦ በቴሌቪዥን ታይቷል። በየካቲት 2022 አገሩን ጥሎ ጀርመን ገባ። አስተውሉ፦ ቀልድ ስደተኛ አደረገው። እኛ የተሸሸግንበት አገር ዜጋ፣ በቀልድ ምክንያት እንደ እኛ ስደተኛ ሆነ።

ገና አለ። በ2024 አንድ የ21 ዓመት ወጣት ቲክቶክ ላይ ድራማ ሠራ፤ ፕሬዚዳንቱን በማስመሰያ ችሎት አቁሞ ግርፋት ፈረደባቸው። እሱ ላይ የተፈረደው ግን እውነተኛ 32 ወር ነው።

"እነሱ ፖለቲካ ነክተው ነው፣ የእኛ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የዩጋንዳ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል ሰውን፣ ቡድንን፣ ጎሳን፣ ሃይማኖትን ወይም ጾታን መሳለቂያ የሚያደርግ ወይም የሚያዋርድ ነገር መላክና ማጋራት የሚከለክል አንቀጽ ገባበት። መሳለቅ! ቃሉን ልብ በሉት። ለእማማ ሐዘን ስንል የምንጠራው ይህ ቃል ነው ለባለሥልጣኑም ኩርፊያ የሚያገለግለው። ከዚያ በፊት የነበረውን "አስቀያሚ መልእክት" የሚለውን አንቀጽ 25 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በጥር 2023 ሽሮታል። ኬንያም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት "እጅግ የሚያስቀይም" መልእክት የሚቀጣውን አንቀጽ የጣለው፣ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ በማይችልበት መልኩ የተጻፈ ነው ብሎ ነው። ዳኞቹ የጣሉትን ነገር እኛ በፊርማ ልናነሳው ነው።

ደግሞስ "የሚያስቀይም" የሚለው ለማን ነው? ባለፈው የሠርግ ቪዲዮ ላይ ስለ ዩጋንዳውያን መልክና ምግብ የተቀለደውን ማን ከሰሰ? መድረኩ ላይ የነበረውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያጨበጨበላችሁለትም ነው። ስለ ጉራጌ፣ ስለ ገጠሬ፣ ከቤይሩት ስለተመለሱ እህቶቻችን የምንስቀውስ? የዛሬው ማመልከቻ ላይ ከፈረሙት ውስጥ ቢያንስ አራቱ በእነዚህ ቀልዶች ሲስቁ አይቻለሁ። እኔም ስቄያለሁ። ማስቀየም ወንጀል ይሁን ካልን፣ አስጠጊዎቻችን በእኛ ላይ የሚከፍቱት መዝገብ ከእኛው በላይ ነው የሚወፍረው። አለቃ ገብረሃና ራሳቸው ሴትዮዋን ከነአህያዋ ሰላም ያሉ ዕለት ጣቢያ ባደሩ ነበር።

ወደ አገር ቤት ልምጣ፤ ከዚያ ነውና የሸሸነው። ዮናታን ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስቡክ ላይ በጻፈው ምክንያት በሽብር ሕግ 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበት ነበር። ኋላ የመጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስቀምጣል። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ፦ አዋጁ ለጥናት፣ ለዜናና ለኪነ ጥበብ ሥራ ክፍተት ትቷል። ጥሩ። ግን ቀልድህ ኪነ ጥበብ መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው? ከተያዝክ በኋላ፣ ፍርድ ቤት ስትደርስ። እስከዚያ ያለውን ሌሊት ያደረበት ያውቀዋል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁትን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ለእኛ ትልቅ ጥላ ነው፤ በጦርነትና በሁከት የሸሸውን ሰው ሁሉ ስደተኛ ብሎ የተቀበለ ውል ነው። ግን አንቀጽ 3ን አንብቡት። ስደተኞች ሌላ አባል አገርን በጦር መሣሪያ፣ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ በአገሮች መካከል ውጥረት በሚፈጥር ሁኔታ እንዳያጠቁ ፈራሚ መንግሥታት ይከለክላሉ ይላል። በዚያ ዘመን ቲክቶክ የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ ይጨመር ነበር። ስለዚህ እኛ ከዜጋው በላይ አፋችን በክር የታሰረ ሰዎች ነን። ስለ አገር ቤት ባለሥልጣን ከካንሳንጋ ሆነህ የምትለጥፈው ቀልድ አንድ ቀን "ውጥረት ፈጣሪ" ሊባል ይችላል። ለዚያ ቀን የሚያገለግለውን መንገድ ዛሬ በገዛ እጃችን እንጠርግ?

እሺ፣ አሁን ከባዱ ጥያቄ። ጠንከር ያለውን ክርክር ያመጣችልኝ አንዲት እህታችን ናት፤ "ሩዋንዳም በቀልድ ነው የጀመረው" አለችኝ። ልክ ናት። አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ ከ1993 ሐምሌ ጀምሮ ሲሰራጭ ሰው የወደደው በዘፈኑና በመንደር ጨዋታው ነው። ሰዎችን "በረሮ" ሲልም እየሳቀ ነበር። ግን አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የጣቢያውን መሪዎች የፈረደባቸው ሰው ስላስቀየሙ አይደለም። ጣቢያው የሰዎችን ስም፣ የሚሸሸጉበትን ቦታ እየጠራ፣ ሂዱና ጨርሱ እያለ ያስተላልፍ ነበር።

ቅርባችንም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኅዳር 2021 በራቸው ላይ ከመገደላቸው በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ በውሸት ተወንጅለው ነበር። ልጃቸው ይነሣልኝ ብሎ ለኩባንያው ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው የሰማው አልነበረም። በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ በ2025 ሚያዝያ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ያ ክስ የእኔም ክስ ነው። ለዚያ ፊርማ ብትጠይቁኝ በሁለት እጄ እፈርማለሁ።

የእኔ መለያ ይህ ነው፦ አንድን ሰው ወይም ሕዝብ ለጥቃት የሚያመቻች፣ "እዚህ አለ፣ ሂዱበት" የሚል፣ አድራሻና ፎቶ የሚበትን፣ ግደሉ አባሩ የሚል፣ ሳቅ ቢለጠፍበትም ባይለጠፍበትም ሕግ ይያዘው። ልብ የሚሰብር ቀልድ ግን፣ የእኔን ልብ የሰበረውም ጭምር፣ የፖሊስ ሥራ አይደለም። ዓሣው ማንንም የት እንዳለ አልጠቆመም። ሙታንን ነው የሰደበው። ሙታኑ ደግሞ የእኛ ናቸው፤ የጣቢያው አዛዥ አይደሉም።

"ታዲያ ዝም ብለን እንሳቅለት?" አይደለም። ሐሙስ ዕለት ሄጄ አናገርኩት። ሃያ ዓመት ገና የሞላው ልጅ ነው። የወንድሜን ፎቶ አሳየሁት። አየው፣ "ጋሼ፣ ሁሉም በሁሉም ነገር ይቀልዳል እኮ" አለኝ። በጥፊ ልለው እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አልደብቃችሁም። ተነሥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ቪዲዮው ጠፋ። እኔ አሳምኜው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጎረቤት አገር ቤት ለእናቱ ልኮላቸው፣ እሳቸው ደውለው ሰዓት ሙሉ አልቅሰውበት ነው። ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቀም። በእኔ በኩል ይቅርታ ሳይጠይቅ ሰላም አልለውም፣ ዕቁባችንም ውስጥ አይገባም፤ ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ። ይህ ቅጣት አይደለም የምትሉ፣ በስደት ብቻውን ቡና የጠጣ ሰው ጠይቁ።

ቢታሰር ግን ምን እንደሚከተል አስባችኋል? ኢንተርቪው ላይ "ታስረህ ታውቃለህ?" የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ የዕድሜ ልክ ኬዝ ሊያበላሽ ይችላል፤ የእሱን ብቻ ሳይሆን በአቴስቴሽኑ ላይ አብራው ያለችውን ታናሽ እህቱንም። እሷ ምን አጠፋች?

ደግሞ አንድ ነገር፣ ወረቀቱን ለያዛችሁት። ከስማችሁ ቀጥሎ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥራችሁንና ስልካችሁን አስፍራችኋል። ያ ወረቀት ጣቢያ ሲገባ ማን ፎቶ እንደሚያነሳውና የት እንደሚደርስ የሚያውቅ አለ? ከእናንተ መካከል አገር ቤት ያሉ ሰዎች እዚህ መሆናችሁን እንዳያውቁ ስም የቀየራችሁ አላችሁ። ለማመልከቻው ስትሉ እውነተኛውን ስም ጽፋችኋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በተለመደው ቦታ ስብሰባ አለ፤ እገኛለሁ። ማመልከቻው ይግባ ካላችሁም የእናንተ መብት ነው፤ እኔ ተቃውሞዬን ቆሜ እናገራለሁ። ቢያንስ ግን የቁጥሮቹን ዓምድ ከመግባቱ በፊት ቁረጡት። መቀስ ይዤ እመጣለሁ።